ያልጠጣው ሰው

«የቢሮ እድሳቱን በተመለከተ የቀረበው ሐሳብ…» ብሎ የቃለ ጉባኤውን ሦስተኛ ገጽ ለስብሰባው ማንበብ ሲጀምር ተከስተ ምላሱ ከበደው። ቀጣዩ ቃል ተጎተተበት። ደገመው፤ ባሰ። መስመሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ታዩትና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ለማንበብ ሞከረ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ይበቃል ጋሼ ተከስተ» አለ የክፍሉ ኃላፊ ፍሬአብ። «ዳናይት ትቀጥል።»

አጠገቡ የተቀመጠችው ወጣቷ ጸሐፊ ወረቀቱን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደች።

ተከስተ ካዛንቺስ ባለው በዚህ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ይዟል። ዘንድሮ ግን ጠዋት ደህና ሆኖ ይገባና ከምሳ በኋላ ሰውነቱ ይከዳዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የግራ ዓይኑ ቆብ ይወርድበታል፤ ንግግሩ ይላላል። የዓይን ሐኪም መነጽር ቀይሮለት ነበር፤ ለውጥ አላመጣም።

ስብሰባው ሲያልቅ ፍሬአብ ቢሮው ጠርቶ ደብዳቤ ሰጠው። በሥራ ሰዓት ጠጥቶ ስለ መገኘቱ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማብራሪያ እንዲያቀርብ ይላል።

«እኔ እኮ አልጠጣም፣ ፍሬአብ።»

«ጋሼ፣ እኔ ባምንዎትም ሰው እያየ ነው። ማለቴ… ሁለት ባለጉዳዮች አመልክተዋል። በቃ፣ በጽሑፍ ይመልሱ።»

ሊከራከር አሰበ። ግን በሚጎተት አንደበት «ሰካራም አይደለሁም» የሚል ሰው ምን እንደሚመስል ያውቃል። ደብዳቤውን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ቡልጋሪያ ሰፈር ካለው ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ዘውዲ በር ላይ ተቀብላ ሳመችው፤ ጉንጯን ከጉንጩ ሳታነሳ ትንሽ ቆየች። እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ሁለት ወር ሆኗታል። ትንፋሹን እያሸተተች እንደሆነ ያውቃል። አንድም ቀን ግን አልተናገረም።

እራት ላይ ጥብሱን ጥቂት እንዳኘከ መንጋጋው ዛለ። ሳህኑን ገፋ አደረገው።

«አልጣፈጠህም?»

«ማኘክ ደከመኝ።»

«ማኘክ ደግሞ እንዴት ያደክማል?» አለችና ድምጿን ቀነሰች። «ተከስተ፣ የምትደብቀኝ ነገር ካለ ንገረኝ። አልቆጣም።»

ደብዳቤውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስትጨነቅ እንደሚቀናት በትግርኛ፣ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው።

«አይደለም።»

«እሺ» አለች። ትመነው አትመነው ግን ከፊቷ ማንበብ አልቻለም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ፣ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይዛው ሄደች። ዶክተር ሰገን ወደ ጣሪያው ትክ ብሎ እንዲያይ አዘዘችው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የዓይኑ ቆብ ወረደ። ዶክተሯ በጎማ ጓንት በረዶ ቋጥራ አምጥታ የተከደነው ዓይኑ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ያዘችው። ስታነሳው ዓይኑ ተከፍቷል።

ዘውዲ ከወንበሯ ተነሳች። «ምን አደረጉት ዶክተር?»

«ጡንቻው ሲቀዘቅዝ ለጊዜው ይሻለዋል። እንዲህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በአንድ በሽታ ነው፤ ማያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል። የደም ምርመራው ደግሞ ያረጋግጥልናል።» ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አሰመረች፤ በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት ተወች። «ይኼ ነርቭ ነው፣ ይኼ ጡንቻ። ነርቩ ‹ተንቀሳቀስ› ብሎ ሲልክ፣ ጡንቻው ላይ መልእክቱን የሚቀበል ቦታ አለ። ሰውነታችን ጀርም የሚዋጋበት መከላከያ አለ አይደል? የእርስዎ መከላከያ ያንን ተቀባይ እንደ ባዕድ ቆጥሮ እየመታው ነው። ለዚህ ነው ጡንቻዎ አርፎ ሲነሳ የሚታዘዝዎት፤ በሠራ ቁጥር ግን እየደከመ ይሄዳል።»

«የራሱን ሰውነት?» አለች ዘውዲ።

«የራሱን።»

«ምን በድሎ?»

«ምንም አልበደለም፤ መከላከያው ተሳስቶ ነው። ለምን እንደሚጀምር በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ ደረት ውስጥ ያለች እጢ ድርሻ ይኖራታል፤ እሷን በሲቲ ስካን እናያለን።» ወደ ተከስተ ዞረች። «ጨርሶ ይጠፋል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። በመድኃኒት ግን ይያዛል። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎት እስከ ነገ አይቆዩ፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።»

ተከስተ ራሱን ነቀነቀ። ደስም አላለውም፣ አልፈራምም። ስም ያለው ነገር መሆኑ ብቻ ቀለል አደረገለት።

መድኃኒቱን ገዝተው ታክሲ ሲጠብቁ ዘውዲ ክንዱን ያዘች።

«ትንፋሽህን አሸትት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ምን ልበልሽ? እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር።»

«ቤት ስንገባ ውቀሰኝ።»

«ዛሬ አልችልም ዘውዲ። ደክሞኛል።»

ክንዱን ግን ከእጇ አላወጣም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፍሬአብ የሐኪሟን ማስረጃ አነበበ።

«ይቅርታ ጋሼ። ደብዳቤውን ከማኅደርዎ አወጣዋለሁ። ለክብርዎ ሲባል ነገሩ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር። ምድር ቤት፣ መዝገብ ክፍል ላዛውርዎት እችላለሁ። እዚያ ብዙ ማውራት የለም፤ ማንም አያይዎትም።»

ተከስተ መዝገብ ክፍሉን ያውቀዋል፤ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። ቁጭ ማለት፣ ፋይል መፈለግ፣ ከማንም አለመገናኘት። እንደ እሱ ለደከመ ሰው መጥፎ አልነበረም። «እሺ» ሊል ምንም አልቀረውም።

«እስከ ሰኞ ላስብበት» ብሎ ወጣ።

ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ዳናይት ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለች በዝቅታ። ከእሷ ወዲያ ያሉት ሁለት ሠራተኞች ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ፤ ጆሯቸው ግን እሱ ጋ ነበር።

ስትጠይቀው ሁልጊዜ «እንቅልፍ ነው» ብሎ ያልፋት ነበር። አሁንም ቃሉ አፉ ላይ መጣ። የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ሦስት ተኩል ነው። ኪኒኑን ከዋጠ አንድ ሰዓት አልሞላውም፤ ምላሱም ገና ይታዘዘዋል።

ወንበሩን ወደ እነሱ አዞረ።

«ደህና አይደለሁም» አለ። «ወንበርሽን ሳቢ ዳናይት፤ እናንተም ስሙ። አፌ ሳይደክም ልንገራችሁ።»