የተሳለው መስኮት

"መሰላሉን ጠበቅ አድርገህ ያዘው፣ ኮሊን። እኔ ከወደቅኩ እናቴን የሚያደርሳት የለም።"

"ይዤዋለሁ። አንቺ ብቻ ቶሎ በይ፤ እናትሽ ሻያቸውን ጨርሰው ሳይወጡ።"

ፊሊፓ ጥቁር ቀለም ውስጥ የነከረችውን ብሩሽ ይዛ መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ያለው መስኮት፣ መስኮት አይደለም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የዚህን በእንግሊዝ አገር ኖርፎክ ያለ እርሻ ቤት ፊት በቀይ ጡብ ያለበሱት ገበሬ፣ ግራና ቀኙ ካልተመሳሰለ ሞቼ እገኛለሁ ያሉ ሰው ነበሩ። በዚህ በኩል ደግሞ ትልቁ የጭስ ማውጫ ተገትሯል፤ መስኮት አይበሱበት ነገር። ግንበኞቹ ጡቡን ወደ ውስጥ ገባ አድርገው ሠሩና ጥቁር መስታወትና ነጭ ፍሬም ሳሉበት። ከመንገድ ለሚያየው ያው መስኮት ነው።

ቀለሙ በደበዘዘ ቁጥር የሚያድሱት አባቷ ሌናርድ ነበሩ። በሞቱበት ዓመት ጸደይ ላይ፣ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ግማሹ የተከፈተ ቢጫ መጋረጃ ጨመሩበት። ከቀብሩ በኋላ እናቷ ሙሪየል ማታ ማታ ግቢው ውስጥ ቆመው መስኮቱን ማናገር ጀመሩ፤ ስለ በጎቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰው ሐሜት። ፊሊፓ መጀመሪያ ስቃ ነበር። በገና ሰሞን እናቷ ከደረጃ ወድቀው ቀዝቃዛው ወለል ላይ ሲያድሩ ሳቋ ቆመ። ከተማው ውስጥ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ አንድ ክፍል ተገኝቷል፤ ዛሬ ካልገቡ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሙሪየል ግን "አባትሽን ብቻውን ጥዬ የትም አልሄድም" ብለው ድርቅ አሉ። መስኮቱ በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ ከጠፋ የሚይዛቸው ነገር አይኖርም ብላ ነው ፊሊፓ መሰላል የወጣችው።

"እኔ እኮ በዚህ ሳልፍ ኮፍያዬን አነሳለታለሁ" አለ ኮሊን ከታች። መሬታቸውን ተከራይቶ የሚያርስ ጎረቤት ነው።

"ለጡብ?"

"ለሌናርድ። ደግሞ አትሳቂ፤ አንዳንድ ቀን መጋረጃው ከትናንቱ ገለጥ ያለ ይመስለኛል።"

"ዓይንህን ተመርመር።"

ብሩሹን ስታነሳ የተሳለው መስታወት ላይ ጉም አለ። ሰው ተጠግቶ ሲተነፍስበት እንደሚሆነው ያለ ክብ ጉም። የራሴ ትንፋሽ ነው ብላ አፏን በእጇ ከደነች። ጉሙ ቀስ እያለ ጠፋ። ከዚያ እንደገና መጣ።

"ኮሊን፣ ምድጃው ነዶ ነበር እንዴ?"

"ከገና ወዲህ ማን ያነደዋል? ምነው?"

መዳፏን ጡቡ ላይ አሳረፈች፤ በረዶ ነው። ጉሙ ከጣቶቿ አጠገብ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ፈራች። ከፍርሃቱ የባሰባት ግን ሀፍረቱ ነበር፤ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ግድግዳ ልትገነባበት የመጣች መሰላት።

"ጥቁሩን ተቀበለኝ" አለች በመጨረሻ። "አባዬ መጋዘን ውስጥ የተወውን ቢጫ ቀለም አምጣልኝ።"

መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ዘጋችው።

ሙሪየል ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። ቀና ብለው ብዙ አዩ።

"ተኛ?"

"ተኝቷል፣ እማዬ።"

"በጠዋቱ?"

"ደክሞት ነው።"

"ቢደክመው ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ቆሞ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው፤ እንዳትቀሰቅሺው።"

ማንም ሳይደግፋቸው ሄደው መኪናው ውስጥ ገቡ። ፊሊፓ እንባዋ መጣ፤ ውሸቱ እንዲህ ይቀላል ብላ አላሰበችም። ሻንጣውን ጭና ስትጨርስ ኮሊን ጠራት።

"ነይ እስቲ።" የቀልድ ድምፁ የለም።

የእርጥቡ መጋረጃ ጠርዝ በጣት ውፍረት ተገልጦ ጥቁሩ ይታያል። ቀለሙ ወርዶ ነው እንዳይባል ከሥሩ አንድም ጠብታ የለም።

"መሰላሉ አለ፤ ልዝጋልሽ?" አለ ኮሊን።

ፊሊፓ ወደ መኪናው ዞረች። እናቷ ቀበቷቸውን አስረው ወደ መንገዱ ያያሉ።

"ተወው፣ ይሸኛት" አለችና መሰላሉን ራሷ አወረደችው።