ሠላሳ የክብሪት ቀፎ

ጭቃ ሹም አስማረ ዓይነ ምድር ሰብስብ መባሉን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ጭቃ ሹም ሰው ይሰበስባል፣ እህል ይሰበስባል፤ ይኼን የሰበሰበ ግን በጋይንት ምድር አልተሰማም።

ሐኪሞች የሆድ ትል የት እንደበዛ ያጠኑ ነበር። ከንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ የመጣው ድሬሰር ጥጋቡ የሠላሳ ሕፃናት ስም የተጻፈባቸው ባዶ የክብሪት ቀፎዎች አስረክቦት ሄደ።

አስማረ ሁለት ቀን ተጨነቀ። በሰው ደጅ ቆሞ ምን ብሎ ይጠይቅ? ደግሞስ አጥቢያው ትላም ተብሎ በመንግሥት መዝገብ ቢሰፍር፣ ማን ልጁን ይድርለታል? እሱ እንደሆነ ባለፈው ሳምንት ኮሶ ጠጥቶ ከትል ጠርቷል። ስለዚህ ገደል ሥር ወርዶ ሠላሳውንም ቀፎ ከራሱ ሞላ። ንፋስ መውጫ አድርሷቸው ሲመለስ የአገር ስም ያዳነ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ነበር፣ ሞኝ።

በወሩ ጥጋቡ ተመልሶ መጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ «በእናንተ ልጆች ትል አልተገኘም። መድኃኒቱ ለበዛባቸው ስለተመደበ ነገ ወደ ስማዳ ይጫናል» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ።

አዛለች ግን ሆዷ የተነፋውን፣ እግሯ የሰለለውን ልጇን የሻረግን ታቅፋ ቀረበች።

«ታዲያ ይቺስ ምን ነካት?»

ጥጋቡ መዝገቡን ገለጠ። «የሻረግ፣ ንጹሕ። ሌላ ሕመም ይሆናል።»

«እኔ መቼ ሰጠሁና?»

ሁሉም ወደ ጭቃ ሹሙ ዞረ። አስማረ «አባቷ ሰጥቶኝ ነው» ሊል ቃሉ ከአፉ ደርሶ ነበር፤ አባቷ እስቴ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል፣ ማን ያጋልጠዋል? ልጅቱ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ታየዋለች።

«የኔ ነው» አለ። «ሠላሳውም የኔ ነው።»

አንድ ሰው ሳቀ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ አስማረ የደበቀው የሠላሳ ቤት በሽታ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

አዛለች አልጮኸችም። «አያ አስማረ፣ የልጆቻችን ዓይነ ምድር አሳፈረዎ። ልጆቻችንስ አላሳዘኑዎም?»

ጥጋቡ ጭነቱን ምርመራው እስኪያልቅ ሊያቆይ ተስማማና እስከ ማግስቱ ማታ እንዲመልስ ሌላ ሠላሳ ቀፎ ሰጠው። አስማረ ከአዛለች ቤት ጀምሮ በየደጁ «የፊተኛው የኔ ነበር፣ ይቅር በሉኝ» እያለ ዞረ። መጨረሻ ላይ በእጁ የቀረው ቀፎ የገዛ የልጅ ልጁ ስም ያለበት ነበር። ሚስቱ ዘነበች በራፉ ላይ ቆማ ቀፎውን ልትቀበል እጇን ዘረጋች፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።