ስንጥቅ ያለባት ደወል

«ተሰበረች በላቸው።»

«ቢጠይቁስ?»

«ማን ይጠይቃል? ተሰበረች ነው፣ አለቀ።»

ይህን የሰማሁት ልጅ ሆኜ፣ ከመጋረጃ ወዲያ ተኝቼ ነው። የቀረውን እንቅልፍ ወስዶታል። የሚነጋገሩት አባቴና ታናሽ ወንድማቸው ነበሩ። ሁለቱም አንድ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠሩት፤ ድምፃቸውም ካንድ ጉሮሮ የሚወጣ ይመስላል። «ተሰበረች በላቸው» ያሉት የትኛቸው እንደሆኑ እስካለፈው ሳምንት ድረስ አላወቅሁም።

ያኔ ማተሚያ ቤቱ ለሳንባ ሕሙማን ሆስፒታል በየዓመቱ የገና ቴምብር ያትም ነበር። ቴምብር እንበለው እንጂ ደብዳቤ አያስልክም፤ ሰው ለሕሙማኑ መርጃ ብሎ ይገዛና ለጌጥ ያህል ከፖስታው ጀርባ ይለጥፈዋል። እኔ እሱን እሰበስባለሁ። ከሁሉ የምወደው ደግሞ ሙከራውን ነው፤ ዋናው ሕትመት ከመጀመሩ በፊት በአንድ ቀለም ብቻ የምትወጣውን፣ ዙሪያዋ ገና የቴምብር ጥርስ ያላወጣውን ወረቀት። ሥራው ሲያልቅ ሥዕሉ የተቀረጸበት የዚንክ ሰሌዳ፣ ማንም ዳግመኛ እንዳያትምበት፣ ፊቱ በመሮ ተጭሮ ይበላሻል። ይህ የአባቴ ኃላፊነት ነበር።

አባቴ ካረፉ ወዲህ አጎቴ በየበዓሉ ልጠይቃቸው ስሄድ አንዲት ሰማያዊ ሙከራ ከሣጥናቸው ያወጡልኛል። ሁልጊዜም ያቺው፣ ደወል ላይ የተቀመጠች ወፍ ናት። «አባትህ በእጁ ያወጣት» ይሉኛል። ከደወሏ ከንፈር እስከ ወፏ እግር ድረስ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አለች። ያቺው ስንጥቅ በአንዳንድ የተሸጡ ቴምብሮችም ላይ ስላየኋት፣ እኔ እንደ አባቴ ፊርማ እቆጥራት ነበር።

ሆስፒታሉ ስብስቤን ቅዳሜ በአዳራሹ እንዳሳይ ሲጠይቀኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሙከራዎቹን በካርቶን ላይ ደረደርኩና ከላያቸው «ከሕትመቱ በፊት በአባቴ እጅ የወጡ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እንደኔው ሰብሳቢ የሆነውን ፋርማሲስት ጠራሁት። መነጽር ላይ መነጽር ስለሚያደርግ «ድርብ» ነው የምንለው።

«እነዚህ ሙከራ ናቸው አልከኝ?»

«አዎ።»

«እነዚህኞቹስ?» ከነፖስታቸው ወዳስቀመጥኳቸው ቴምብሮች ጠቆመ።

«መጀመሪያ የተሸጡት። የፖስታ ቤቱ ቀን አለባቸው እኮ።»

«ታዲያ ስንጥቋ የታለች?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የለችም። ስንጥቋ ያለችው በመጨረሻ በተሸጡት ላይ ብቻ ነው። ሰሌዳዋ ስትሠራ ስትሠራ፣ ደክማ ነው የተሰነጠቀችው ማለት ነው።

«ይቺ ሴትዮ» አለ ድርብ ሙከራዋን እያሳየ፣ «ሳትወለድ ነው የሸበተችው። ሙከራዎችህ ከሕትመቱ በኋላ የወጡ ናቸው፤ ሰሌዳዋን ሳያበላሽ ያስቀረ ሰው አለ፤ አባትህም ይሁኑ ሌላ። ጽሑፉን ከመስቀልህ በፊት አስብበት።»

ይህን ሲል ዓይኔን አላየም። የኮቱን ቁልፍ እየቆላለፈ ወጣ። እሱንም ጠረጠርኩት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

አባቴ ሰሌዳዋን ደብቀው «ተሰበረች» አስብለው ከሆነ፣ ውሸታቸውን በሕሙማኑ ግድግዳ ላይ የምሰቅለው እኔው ልጃቸው ነኝ። በልቤ «ጌታ ሆይ፣ እውነቱን አሳየኝ፤ ከከበደም የምችለውን ያህል» ብዬ ወደ አጎቴ ሄድኩ።

ከመስኮቱ ሥር አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሬድዮ ያዳምጣሉ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ዙሪያው ሰማያዊ ነው። ካቻምናም እንዲሁ ነበር።

«እስክሪብቶ ፈሶብኝ ነው» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው።

ጠይቆ ማውጣት አልችልበትም። ዝም ብሎ መቀመጥ ግን እችላለሁ።

«ምን ታፈጥብኛለህ?»

«ስንጥቋን እያሰብኩ ነው፣ ጋሼ።»

ሬድዮውን ዘጉት። «እሱ ነው። አባትህ ነው ‹ተሰበረች በላቸው› ያለው።»

ያንን ቃል ከዚያች ሌሊት ወዲህ ለማንም አልተነፈስኩም።

«እኔ መች ያንን ጠየቅሁ?»

አጎቴ ጣታቸውን በሌላው መዳፋቸው ሸፈኑ።

«እሱ ‹ቢጠይቁስ?› ነው ያለው» አሉ። «ላስቀራት ብዬ ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ‹ጠዋት ጫራት› ብሎኝ ወጣ። ጫርኳት አልኩት። አመነኝ።»

«ሙከራዎቹስ?»

«ሰሌዳዋን ቀለም ቀብቼ፣ ወረቀቱን በማንኪያ ጀርባ እየዳመጥኩ አወጣቸዋለሁ። አንተስ የምትመጣው ለነሱ አይደል? ያለቁ ዕለት ማን ይመጣል?»

አሳዘኑኝ። ግን ገና አሁን፣ ወንበሬ ሳይሞቅ ሁለቴ ዋሽተውኛል።

«ለሌላስ ሰው ሰጥተዋል?»

«ለማንም!»

ወንበሬን ወደ አልጋቸው አስጠጋሁ።

«ለአንድ ሰው ብቻ። መነጽር ለሚደርበው።»

የኮቱ ቁልፍ ጥድፊያ አሁን ገባኝ። በራሱ ሙከራ ላይም ያቺኑ ስንጥቅ አይቶ ኖሯል።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ አዳራሹ ይመጣሉ። ሰሌዳዋን በሰው ፊት ይጭሯታል፤ ማን እንዳስቀራትም ይናገራሉ።»

«በስተርጅና ልታዋርደኝ?»

«አባቴ ይዋረዱ?»

ተነሥተው ከፍራሹ ሥር፣ በአሮጌ ካናቴራ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። እጃቸው ላይ ያዙት እንጂ አልሰጡኝም።

«ከዚያ በኋላ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«ያለ ሙከራ?»

«ያለ ሙከራ። ሰሌዳዋን ግን ዛሬ እኔ ይዣት እሄዳለሁ።»

«አታምነኝም?»

«አላምንዎትም፣ ጋሼ።»

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ካናቴራውንም ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«እሺ» አሉ። «ቅዳሜ እመጣለሁ። እኔው እናገራለሁ፣ እኔው እጭራታለሁ። መሮው ብቻ የተሳለ ይሁን፤ እጄ እንደ ድሮው አይደለም።»