የነጻነት ቀን ፈቃድ

እኔና ታናሽ እህቴ በሰው አገር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ተኳሾች ነን። ፈቃድ የሚባል ነገር እንደ ልብ አይገኝም። አንድ ደንብ ግን አለ፤ ሠራተኛ ሁሉ አገሩ ነጻ በወጣችበት ዕለት ያርፋል። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ከየስማችን ፊት ለፊት ቀኑ ይጻፋል። የእኔ ሁሌም ባዶ ነው። አለቃው ሲጠይቀኝ ደረቴን ነፍቼ፣ «እኛን ማንም አልገዛንም፤ ከማን ነጻ እንውጣ?» እላለሁ። ከዚያ ሌሎቹ ተራ በተራ ሲያርፉ የእነሱንም አንሶላ እተኩሳለሁ። ኩራት እራቱ የሆነው አባቴ ነው እንጂ እኔንስ ወገቤን ነው የቆረጠኝ።

ዘንድሮ እህቴ ቀን ጻፈች። ከራሷ ፈጥራ! የጻፈችው በልጄ ትምህርት ቤት ወላጆች የሚጋበዙበትን ቀን ነው። ሰባት ዓመቷ ነው ልጄ። አምና መድረክ ላይ ቆማ በዓይኗ ስትፈልገኝ ብታጣኝ ግጥሙ ጠፍቷት እያለቀሰች ወርዳለች። ዘንድሮ «ትመጫለሽ አይደል?» እያለች ወር ሙሉ ስትነዘንዘኝ ነው የከረመችው።

«አንቺም ያንኑ ቀን ጻፊ፤ ምን አለበት?» አለችኝ እህቴ።

«ተገዝተን ነበር ብዬ ልፈርም? አባታችን ቢሰማ ምን ይላል?»

«አባታችን አንሶላ አይተኩስም።»

አልጻፍኩም። ቀኑ ሲደርስ እሷ ትምህርት ቤት ሄደች፣ እኔ የእሷንም ድርሻ ስተኩስ ዋልኩ።

ቤት ስገባ ልጄ አክስቷ ጭን ላይ ቁጭ ብላለች። ግጥሙን አንዲት ቃል ሳትስት ወጥታዋለች አሉ። እህቴ እየሳቀች፣ «ጉድሽን አልሰማሽ፤ አስተማሪዋ እናትሽ የትኛዋ ናት ብትላት፣ እጄን ይዛ ‹ይቺ ናት› አትልም!» አለችኝ።

ልታስቀኝ ነበር። ቅናት አንገበገበኝ። በገዛ እህቴ፣ ያቺን ልጅ አብራኝ ባሳደገች እህቴ ቀናሁ። እራትም አልበላሁ።

በማግስቱ አለቃው ካውያችን ጋ መጥቶ እህቴን «እንኳን አደረሰሽ» አላት። ወደ እኔም ዞሮ፣ «አንቺስ? የአንድ አገር ልጆች አይደላችሁም እንዴ?» አለኝ።

«ነን» አልኩት። «እንዲህ ያለ ቀን ግን የለንም። ፈጥራ ነው የጻፈችው።»

የአፍ ወለምታ ነው እንዳልል፣ ሳብሰለስለው ያደርኩት ነገር ነው። እህቴ ካውያዋን አቁማ አየችኝ። ምሳ ሳይደርስ ከሥራ ተሰናበተች፤ ማታውኑ ልብሷን ሰብስባ ከቤትም ወጣች።

ልጄ በሩን እያየች፣ «አክስቴ ለምን ሄደች?» አለችኝ።

«የአገራችንን ስም ስላጠፋች ነው» አልኳት።

አመነችኝ። አለቃው ፊት ቆሜ ስናገር ግን አገሬ ትዝም አላለችኝ።