ክሩን ይዘሽ ሂጂ

አክስቷ ከመጋረጃው ጀርባ ከአንዲት ደንበኛ ጋር ያወራችውን ነገር ልብስ ሰፊዋ እስከ ዛሬ የምታስታውሰው በግማሽ ነው። ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከስፌት መኪናው ሥር ተንበርክካ የወዳደቁ መርፌዎችን በማግኔት ትለቅም ነበር። ሴትዮዋ ታለቅስ ነበር፤ ያ ትዝ ይላታል። አርግዛ ይሁን፣ ታማ ይሁን፣ ወይ ሰው መትቷት ይሁን፣ አታውቅም። «ሰው ቢጠይቅሽስ?» አለች ሴትዮዋ። አክስቷ የመለሰችላት ነገር ከጭንቅላቷ ጠፍቷል። ከዚያ ቀጥሎ የተባለው ግን አልጠፋም።

«ክሩን ይዘሽ ሂጂ» አለቻት አክስቷ። «ስትመጪ ይዘሽው ትመጫለሽ። እኔ ጋ ምንም አይቀርም።»

አክስቷ መጻፍ አትችልም ነበር። ደንበኞቿን የምትለካው በነጭ ክር ነው፤ ለትከሻ አንድ ቋጠሮ፣ ለደረት ሁለት፣ ለወገብ ሦስት እያለች ትወርዳለች። ልብሱ ሲያልቅ ክሩን ጠቅልላ ለባለቤቱ ትመልሳለች። ልብስ ሰፊዋ የራሷን ቤት በከፈተች ጊዜ ይህን ልማድ ተወችው። ሰው ክሩን ይጥለዋል፣ ረስቶት ይመጣል፣ እንደገና መለካት ደግሞ ቀን ይበላል። ስለዚህ ሜትርና ወፍራም ሽፋን ያለው ደብተር ገዛች። አንዱ ሲሞላ ሌላ እየገዛች ሃያ ሁለት ዓመት ሠራችበት።

ቅዳሜ ጠዋት መምህርቷ በሩን ሳታንኳኳ ገብታ «ጨርቄን ይስጡኝ» ስትላት፣ የዚያችኑ የመምህርቷን ጃኬት ገበር ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እየወሰወሰች ነበር።

መጀመሪያ ያስደነገጣት የጨርቁ ነገር አይደለም። ለስምንት ዓመት «አንቺ» ተባብለው የኖሩ ሰዎች ናቸው። «ይስጡኝ» ስትላት ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው? እስቲ ቁጭ በይ።»

መምህርቷ አልተቀመጠችም። ስልኳን ከፍታ ከመቀሱ አጠገብ አስቀመጠችው።

ስልኩ ላይ የመምህርቷ ፊት አለ፤ በስልክ ቁጥሯ ላይ የለጠፈችው፣ የሚስቀው ፊቷ። ከአንገት በታች ግን የእሷ ያልሆነ ገላ ተቀጥሎበታል። ፎቶ አይሉት፣ ሥዕል አይሉት፤ ቆዳው እንደ ሰም ያብለጨልጫል። ትከሻው፣ ወገቡ፣ ዳሌው ግን ቁርጥ የመምህርቷ ነው። ደረቱ በግራ በኩል ሙሉ፣ በቀኝ በኩል ልሙጥ። ከሥሩ ልብስ ሰፊዋ በገዛ እጇ ደብተሯ ላይ የጻፈችው በኅትመት ፊደል ሰፍሯል፤ ቀኝ ጡት በቀዶ ጥገና ወጥቷል። ስፖንጅ ይግባ። ለማንም እንዳይነገር።

«የመጨረሻዋም መስመር አልቀረችም» አለች መምህርቷ። «ለማንም እንዳይነገር የሚለውም አብሮ ነው የወጣው።»

መምህርቷ ለሥራ ባልደረቦቿ የነገረቻቸው ጨጓራዬን ታከምኩ ብላ ነበር። እውነቱን የሚያውቁት ባሏ፣ ሐኪሟና ልብስ ሰፊዋ ብቻ ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ ስፖንጁን ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስት ጊዜ አፍርሳ፣ በአራተኛው ሁለቱን ጎን እኩል አድርጋ አውጥታዋለች። መምህርቷ በዚያ ቀሚስ ሥራ የገባች ዕለት ከሰዓት በኋላ እየሮጠች መጥታ፣ ዳይሬክተሩ «ዕረፍቱ ተስማምቶሻል፣ ወፍረሻል» አለኝ ብላ፣ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጃኬቱ ሁለተኛው ልብስ ነበር።

ነገሩ የወጣው ሐሙስ ዕለት ነው። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊም የዚሁ ቤት ደንበኛ ናት፤ «ልብስዎ ደርሷል» የሚል መልእክት ደርሷት ብትከፍተው የራሷን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ሰው ገጽ አገኘች። የመምህርቷን መርጣ ለሠራተኛው ሁሉ ላከችው።

«አዝናልኝ ነው አሉ» አለች መምህርቷ። «የሚያለቅስ ፊት ለጥፋበታለች። ትናንት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሰሌዳውን ትተው ደረቴን ሲያዩ ዋሉ። አንዱ ‹ቲቸር፣ ቀኝ የቱ ነው?› አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።»

ልብስ ሰፊዋ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ልናገርልሽ አለቻት።

«ምን ብለው? አላት ብለው?»

ልብስ ሰፊዋ ጃኬቱን ከነስፒሉ አጣጠፈችው። ስፖንጁ ከውስጥ በውስወሳ ክር ተይዞ ቀርቷል፤ ላውጣው ወይ ብላ በዓይኗ ጠየቀቻት። መምህርቷ ጨርቁን ከእጇ ወስዳ ብብቷ ሥር አደረገችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ሌሎቹስ ያውቃሉ?»

«የትኞቹ?»

«ደብተሩ ውስጥ ያሉት» ብላ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ከመኪናው ፊት ተቀመጠች። ነገር ሲጠናባት አንድ ልማድ አላት፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ «አንተ ታውቃለህ» ትላለች፣ ይቀላታል። ዛሬም ልትል አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። ከእግሯ ጀምሮ የሚወጣው ሌላ ነገር ነበር፤ ቁጣ። በማን ላይ እንደሆነ እንኳ ገና አልለየላትም።

ሰባት ሰዓት አልፎ ልጇ ሳሙናና የልብስ ማስቀመጫ ፌስታል ይዛ ገባች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ኮምፒውተር ተምራ ሥራ ያጣች። ቤት ውስጥ «ቁልፌ» ነው የምትባለው፤ በሦስት ዓመቷ የሰው ካፖርት ቁልፍ ውጣ፣ ቤተሰቡን ሁለት ቀን ሙሉ ፖፖ ስላስጠበቀች። ባለፈው ወር ደብተሩን ገጽ በገጽ ስልኳ ፎቶ አንስታ፣ በነፃ የሚገኝ አንድ ፕሮግራም ውስጥ አስገብታው ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፣ የእጅ ጽሑፍ ያነባል፣ ልኬቱን በመልክ በመልኩ ያስቀምጣል፣ ልብስ ሲደርስ ለደንበኛ ራሱ ይነግራል ብላ አስረዳቻት። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን «የእኔን ጽሑፍ እኔ ራሴ አላነበውም፣ እሱ አነበበው?» ብላ ስቃ ነበር። ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ ሄዳም አውርታለታለች። ይህን ስታስታውስ ጆሮዋ ጋለ።

«ቁልፌ፣ መምህርቷ መጥታ ነበር።»

ልጅቷ ሳሙናውን አላስቀመጠችም። ከፊቷ ታውቋታል።

«አጥፍቼዋለሁ፣ እማ። ትናንት ነው ያጠፋሁት።»

«ትናንት ታውቂ ነበር?»

«ጸሐፊዋ ደወለችልኝ። ሳትሰሚ ላስተካክለው ብዬ ነው።»

«ምኑን ነው ያጠፋሽው?»

«ኢንተርኔት ላይ ያለውን ገጽ።»

«ሰው ስልክ ላይ ያለውንስ?»

«እሱን እኔ ማጥፋት አልችልም።»

ሥዕሉን ማን ሥራው እንዳለው ጠየቀቻት። ማንም አላለውም፤ ልኬቱንና ሰዎቹ ስልካቸው ላይ የለጠፉትን ፎቶ ራሱ አገናኝቶ ነው የሠራው። ደንበኛው ልብሱ እንዴት እንደሚሆንለት አስቀድሞ እንዲያይ ተብሎ የተጨመረ ነገር ነው። ልጅቷ የራሷን አይታ ወዳው ነበር፤ ወገቧን አቅጥኖላታል። የሌሎቹን አልከፈተችም። ገጹ ለሁሉም ክፍት መሆኑንም አላወቀችም።

«መጀመሪያ ላይ እስማማለሁ የሚል ነበረው» አለች፤ ድምጿ እየወረደ። «ረጅም ነው፣ ማንም አያነበውም። ነካሁት።»

«በማን ገላ ነው የተስማማሽው?»

ልጅቷ ሳሙናውን በእጇ አገላበጠችው።

«በራስሽ ገላ ተስማሚ፤ የራስሽ ነው። እኔ እነዚህን ሴቶች ከመጋረጃው ጀርባ ሳቆማቸው በሩን ቆልፌ ነው። ዓይኔን ሜትሩ ላይ ተክዬ ነው። ባሏ ያላየውን አይቻለሁ። አንቺ በአንድ ጣት ተስማማሽ።»

ልጅቷ ለፕሮግራሙ ባለቤቶች እንደጻፈች፣ መልስም እንደሰጧት ነገረቻት። አንብቢልኝ አለቻት። ልጅቷ አነበበች፤ ስሜትዎ ይገባናል፣ ስለተፈጠረው ነገር ከልብ እናዝናለን፣ መረጃዎ በሠላሳ ቀን ውስጥ ከማከማቻችን ይወገዳል።

«ይሄን የጻፈው ሰው ነው?»

«አይደለም። ያው ማሽኑ ነው የሚመልሰው።»

«ታዲያ ስሜቴ ምኑ ላይ ነው የገባው?»

የሰው ገላ ነው የያዛችሁት፣ ዛሬውኑ አውጡ ብለሽ ጻፊ አለቻት። ልጅቷ ጻፈች። ሳሙናውን አስቀምጣ እጇን ሳታነሳ መልሱ መጣ፤ ስሜትዎ ይገባናል የሚለው ያው ቃል፣ ከሥሩ ደግሞ አገልግሎታችንን በኮከብ ይመዝኑልን የሚል ተጨምሮበት። ልብስ ሰፊዋ አምስቱን ባዶ ኮከቦች አየቻቸው። በሕይወቷ ሰው መትታ አታውቅም፤ የምትመታው አንድ ፊት ብታገኝ ያን ሰዓት ትመታው ነበር። ፊት የለውም።

«አንቺም ወደሽው ነበር እኮ፣ እማ» አለች ልጅቷ፤ ማልቀስ ጀምራለች። «ጎሽ ብለሽኛል።»

«ብያለሁ። እኔም ልክ አይደለሁም። ሲጀመር መጻፍ አልነበረብኝም። ይቀለኛል ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ከጎረቤት የፀጉር ማድረቂያው ያጓራል። ከዚያ ልጅቷ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታስበው ያደረችውን ተናገረች። ደብተሩ ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ሴቶች አሉ። ገጹን የከፈቱት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ቁጥሩን ያሳያል፣ ማን ማን እንደሆኑ ግን አይናገርም። የቀሩት አያውቁም።

«ካልነገርናቸው አያውቁም» አለች። «ብንነግራቸው ሁሉም እንደ መምህርቷ ጨርቃቸውን ይዘው ይሄዳሉ። የቤት ኪራዩስ? አንቺ ከዚህ ሌላ ምን ሥራ ታውቂያለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ያን ሳታስበው ቀርታ አይደለም። መስቀያው ላይ ዘጠኝ ልብስ ተንጠልጥሏል። ዘጠኙንም በየተራ አየቻቸው። ከዚያ ደብተሩን ከመሳቢያው አውጥታ ልጇ ፊት አኖረችው።

«አንብቢ።»

«ምኑን?»

«ቁጥሩን ተይው። ከጎኑ የጻፍኩትን አንብቢ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ።»

ልጅቷ ከመካከል ገለጠች። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፤ አራተኛ ወር፣ ገና ለማንም አልነገረችም፣ ፊቱ ይስፋ። ጡረተኛዋ ነርስ፤ ለሽንት ከረጢት በግራ በኩል ቦታ ይተው። የሹፌሩ ሚስት፤ የቃጠሎ ጠባሳ፣ አንገቱ ይዘጋ። እያነበበች ድምጿ ይቀንስ ጀመር። ልብስ ሰፊዋ በእጇ ቀጥይ አለቻት። ዳቦ ሻጯ፤ እጅጌ እስከ መዳፍ ይርዘም። ከገበሩ ሥር ኪስ፣ መታወቂያና ብር የሚይዝ፣ እስክትወጣ ባሏ እንዳያውቅ።

ልጅቷ እዚያ ላይ ቆመች።

«ይሄን አላነበብኩትም» አለች።

«ማሽኑ አንብቦታል።»

«እስክትወጣ ማለት… ከቤት?»

ዳቦ ሻጯን ሁለቱም ያውቋታል፤ ሙቀት በሚያፈላ ቀን ረጅም እጅጌ ለብሳ ከመስኮቷ ኋላ የምትስቅ ሴት ናት። ካፖርቱን የወሰደችው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ኪሱን ስታየው ጣቷን ከትታ ለካችው፤ ይበቃል አለች።

ልጅቷ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለበጠች፣ የምትፈልገውን ስም አገኘች፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

«የባሏ እህት ደንበኛችን ናት» አለች። «ሊንኩ ለእሷም ሄዷል።»

«አውቃለሁ።»

«ከፍታው ይሆን?»

«አላውቅም። አንቺም አታውቂም። ያችም ሴትዮ አታውቅም፤ ካፖርቷ በር ላይ ተንጠልጥሎ ዛሬ ወደ ቤቷ ትገባለች።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አነሳች። የዳቦ ሻጯን ገጽ ከጥርዙ ጀምራ ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው። ከዚያ የመድኃኒት ቤቷን፣ የነርሷን፣ የሹፌሩን ሚስት። የጃኬት እጅጌ እንደምትቆርጥ ነበር የምትቆርጠው፤ ሳትቸኩል፣ ጥርሷን ነክሳ። እያንዳንዷ የራሷን ትወስዳለች አለች። የሆነው ነገር ሳይሸራረፍ ይነገራታል። ልብሷን የፈለገች ልብሷን፣ መሳደብ የፈለገች ስድቧን ታውጣ። የምትቀር ካለች ደግሞ ክር ይዛ ትምጣ።

«እኔ ከጎንሽ እቆማለሁ» አለቻት ልጇን። «አፍ ግን የአንቺ ነው።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፣ እምቢ የሚል ንቅነቃ። ጽፌ ልላክላቸው አለች። የላክሽው ይበቃል አለቻት። ያንን ብዬ ዓይኗን እንዴት አያለሁ አለች። ልብስ ሰፊዋም መምህርቷን ዓይን ዓይኗን ማየት አቅቷት ጃኬቱን ስታጣጥፍ ነበር። የዳቦ ሻጯን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጠበቀች። የፀጉር ማድረቂያው ጠፋ። የሰው ሳቅ ተሰማ፣ እሱም ጠፋ።

ልጅቷ ገጹን አነሳችው። ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችው፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከመዳፏ እስኪያንስ።

«ባሏ ዳቦ ቤቱ የሚመጣው ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥር ሰዓት።»

ልጅቷ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስምንት ከሩብ ይላል።

«እሺ» አለች። «እኔ እነግራታለሁ።»