መቶ ሃምሳ እስከ ባንዲራው

ውሃውን ለማለፍ የሚበጀው ስንት ቁጥር ዱላ ነው? አሮጊቷ ከንጋት ጀምሮ ይህንኑ ታብሰለስላለች። እሷ በዕድሜዋ የጎልፍ ዱላ ጨብጣ አታውቅም። የሚያውቀው ባለቤቷ ነበር፤ እሱም ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው።

የልጅ ልጇ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ የሟች አያቷን ማስታወሻ ደብተር ታገላብጣለች። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ዳቦውንም ቆረስ አድርጋ ትታዋለች። ልጅቷ የምትጫወትበት የጎልፍ ውድድር ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ቦታው ከከተማው ዳር ያለው አሮጌ ሜዳ ነው፤ አያቷ ካዲ ሆኖ፣ የተጫዋቾችን ቦርሳ ተሸክሞ ዱላ እያቀበለ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረበት። ልጅቷ ትናንት ሜዳውን ዞራ ማየት ነበረባት፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሸና ስትደርስ በሩ ተዘግቶ ጠበቃት። ርቀት የሚለካ መሣሪያ ደግሞ በዚህ ውድድር ክልክል ነው። አባቷም ቁርጡን ነግሯታል። ዛሬ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዷ ካልሆነች፣ ከእንግዲህ ጨዋታ የሚባል ነገር የለም፤ መጥታ ሱቁን ትይዛለች።

"ጣጣው ስድስተኛው ጉድጓድ ነው" አለች ልጅቷ፣ ጣቷን ደብተሩ ላይ አድርጋ። "ኳሷን ደረቁ ግንድ አጠገብ አሳርፋታለሁ። ከዚያ ከፊቴ ኩሬ አለ፣ ከኩሬው ማዶ ባንዲራው የተተከለበት ለስላሳ ሣር፣ ከሣሩ ኋላ አሸዋ፣ ከአሸዋው ኋላ ቁጥቋጦ። ካሳጠርኩ ውሃ፣ ካስረዘምኩ አሸዋ።"

"ውይ በሞትኩት! ታዲያ እንዴት ልትሆኚ ነው?"

"አያቴ ጽፎልኛል እኮ። ከግንዱ እስከ ኩሬው ማዶ መቶ ሃያ ስምንት፣ እስከ ባንዲራው መቶ ሃምሳ። መቶ ሃምሳ ሜትር ለእኔ አምስት ቁጥር ዱላ ነው። አለቀ።"

አሮጊቷ "አለቀ" የሚለው ነገር አልተዋጠላትም። ለምን እንዳልተዋጠላት ግን አላወቀችውም። ትንሽ ቁጥር ያለው ዱላ ኳሷን ዝቅ አድርጎ አርቆ እንደሚልካት፣ ትልቅ ቁጥር ያለው ደግሞ ወደ ላይ አንስቶ ቅርብ እንደሚጥላት የተማረችው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለቤቷ ከሥራ ሲመለስ እጁ እርጥብ ሣር ይሸት ነበር። ዱላዎቹን በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እየፈተገ፣ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ይሞላና ኩሬ ያደርገዋል፤ ከማዶው ዝርግ ሳህን ያስቀምጣል፤ ከሳህኑ ኋላ ጨው ይበትናል።

"እመቤቴ፣ የትኛውን ዱላ ላቀብልዎ?" ይላታል እጅ እየነሳ።

"ትንሹን ቁጥር!"

"ኳስዎን ጨው በላት!"

ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። እሷ ጨዉን ትጠርግና ስለ ብክነቱ ትነዘንዘዋለች። አሁን ተመልሶ ቢመጣላት፣ ከረጢቱን ሙሉ ቢበትን እንኳ አትነዘንዘውም ነበር።

ተጫዋቾቹን ግን እንዲህ አይጠይቃቸውም። ደብተሩን ገለጥ፣ የዛፎቹን ጫፍ ቀና ብሎ ነፋሱን አየት ያደርግና አንዱን ዱላ መዝዞ ይሰጣል። "ቁጥሩን ከነገርኳቸው ይከራከሩኛል" ይላት ነበር። "ዱላውን ስሰጣቸው ግን ይመታሉ።" የደብተሩን ቁጥር ከእሱ ሌላ ያየው ሰው አልነበረም።

ማታ ማታ ለሽርሽር ሲወጡ ሰፈርተኛው "ምሰሶና ጥላው መጡ" ይላቸዋል። እሷ መለሎ ናት፤ እሱ አጭር፣ ያውም በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ግራ እግሩን የሚጎትት። በተጋቡ ሰሞን ሳታውቀው ትቀድመውና ቆማ ትጠብቀው ነበር። እያደር እግሯ ራሱ ተማረ፤ አጠር፣ አጠር አድርጋ ክንዱን ይዛ መሄድ...

አሮጊቷ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እግሩ! መቶ ሃምሳው የተቆጠረው በዚያ እግር ነው።

ወዲያው ግን ፍርሃት ያዛት። ልጅቷ ቁርጧን አውቃ ተቀምጣለች። ጥርጣሬ ብትዘራባትና ተሳስታ ብትገኝስ? ዝም ብትልና ጥርጣሬዋ ልክ ቢሆንስ?

"የኔ እናት" አለች በመጨረሻ፣ "ሜትር መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"ሌላ ምን ይሆናል?"

"እርምጃ ነዋ።"

"እሺ፣ እርምጃ ይሁን። አንድ እርምጃ አንድ ሜትር ነው። ካዲ ሁሉ የሚቆጥረው እንደዚያ ነው።"

"ካዲ ሁሉ እንደ አያትሽ ያነክሳል?"

"እማማ፣ በናትሽ! አንቺ እኮ ዱላ የምትይዢው ድመት ስታባርሪ ነው። ዛሬ እንኳን አታስፈራሪኝ። እጄ ከተጠራጠረ አበቃልኝ።"

አሮጊቷ ሰዓቱን አየች፤ አንድ ሰዓት ተኩል። ደብተሩን ከልጅቷ እጅ ሳብ አደረገችና መነጽሯን ፍለጋ ገባች። ያ ሰውዬ ያልለካው ነገር አልነበረም፤ ወደ ዳቦ ቤቱ፣ ወደ ክሊኒኩ፣ ሁሉንም ቆጥሮ ይጽፍ ነበር። በመጨረሻው ገጽ ላይ አገኘችው፦ "ከበራችን እስከ ጥጉ መብራት ሃምሳ።"

ከስፌት መኪናው መሳቢያ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አወጣች። "ተነሺ።"

"የት?"

"ተነሺ ብያለሁ!"

ልጅቷ እያጉረመረመች ወጣች። የሜትሩን አንድ ጫፍ አሮጊቷ በሩ ሥር ይዛ አጎነበሰች፤ ልጅቷ ሌላውን ጫፍ ወደ ጥጉ መብራት ዘርግታ መሬቱን በጠመኔ አሰመረች። እንደገና ዘረጉ። እንደገና። የፊት ለፊቷ ጎረቤት በመስኮት አንገቷን አሰገገች።

"ምነው በጠዋቱ? መንገዱን ልትገዙት ነው?"

"ቀሚስ ልሰፋለት ነው!" አለች አሮጊቷ ቀና ሳትል። "ቆጠራዬን አታጥፊብኝ!"

ምሰሶው ሥር ሲደርሱ ሃያ ጊዜ ዘርግተዋል። የመለኪያው ርዝመት አንድ ሜትር ከግማሽ ነው።

"ሠላሳ ሜትር" አለች ልጅቷ። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። "ሃምሳ እርምጃ... ሠላሳ ሜትር።"

ምሰሶውን ተደግፋ በልቧ ስታሰላ፣ አሮጊቷ ወገቧን ይዛ ፊት ፊቷን ታያታለች።

"መቶ ሃምሳው ዘጠና ነው እማማ። የኩሬው ማዶ ሰባ ሰባት። በአምስት ቁጥር ብመታት ኖሮ..."

"አሸዋ ውስጥ?"

"ምን አሸዋ! አሸዋውንም ዘላ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ። ፈልጌም አላገኛት።"

አሮጊቷ ደስ ይላታል ብላ ጠብቃ ነበር። የልጅቷ ዓይን ግን እንባ አቀረረ።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ዱላ በመዘዝኩ ቁጥር አጠገቤ ያለ ይመስለኝ ነበር" አለች። "እንዴት እንደሚራመድ እንኳን አላውቅም ለካ።"

"ልጅ ነበርሽ። ሁልጊዜ ሮጠሽ ትቀድሚን ነበር።"

"አንድ ቀን እንኳን ዞር ብዬ አላየሁትም?"

አሮጊቷ ሜትሩን በጣቷ ላይ ጠቀለለችና ተያይዘው ገቡ።

ቤት ውስጥ ልጅቷ እርሳስ አንስታ ከመቶ ሃምሳው ጎን ዘጠና ብላ በትንሹ ጻፈች። የአያቷን ጽሑፍ አልሰረዘችውም። ሌሎቹንም ገጾች አንድ በአንድ፣ እያሰላች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጨረሰች። ከዚያ አምስት ቁጥሩን ወደ ቦርሳው ጥግ ገፋ አድርጋ ዘጠኝ ቁጥሩን ለእጅ ወደሚቀርበው ኪስ አዛወረችው፤ የዱላውን ፊት በእጅጌዋ ወልወል አደረገችው።

አሮጊቷ ቆማለች። ኮፍያሽን፣ ውሃ ያዢ፣ ነፋሱን እዪ፣ ቢበላሽብሽም ሱቅ መያዝ ሞት አይደለም፤ ሁሉም አፏ ላይ ደርሶ ተግተለተለ። አንዱንም ብታወጣው ያችን ዘጠና የምታናጋባት መሰላትና ዋጠችው። ልጅቷ ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ማንገቻውን አጠበቀች፣ አያቷን አንድ ጊዜ አየቻትና ወጣች።