የእትዬ ጥሩወርቅ ትዕይንት

«ሲፈን? ሻይ ነበር እኮ የምታፈላው፤ ቮዋላ!»

እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ያላሉበት ቦታ ጄኔቫ ውስጥ አይገኝም። ከቅዳሴ መልስ ብለውታል፤ የሰፈራቸው የላንሲ ትራም ውስጥ ብለውታል፤ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደለበሱ፣ እንባቸው ሳይደርቅ ብለውታል። ልጃቸው ታዲዮስ ፊልም ሠራ፤ ብቻውን ሠራ፤ እኔ ሻይ አፈላሁ። ወሬው በባቡር ተሳፍሮ ዙሪክ እኔ ጆሮ ሲደርስማ ስኳር ያበዛሁትም እኔ ሆኜ ነበር።

አዎ፣ ሻይም አፍልቻለሁ። ፕሮዲዩሰር ነኛ! ፕሮዲዩሰር ማለት ሌላው ሁሉ «የኔ ሥራ አይደለም» ያለውን የሚሠራ ሰው ነው። ዙሪክ ላንግሽትራሰ መንገድ ላይ ካሜራ እንድንተክል ከፖሊስ ቤቪሊጉንግ፣ ፈቃዱን ማለቴ ነው፣ ያወጣሁት እኔ፤ ጋሽ ሐቢብ ሱቃቸውን በገበያ ሰዓት እንዲዘጉልን ለምኜ፣ ሲቆጡ ስቄ፣ ሲስቁ ፈጥኜ ቁልፉን የተቀበልኩት እኔ፤ ዋናዋ ተዋናይት ረውዳ ከዳይሬክተሩ ጋር ተጣልታ ዲቤንዶርፍ ቤቴ ድረስ መጥታ ስታለቅስ፣ አብልቼ አሳድሬ በማግስቱ ካሜራ ፊት ያቆምኳት እኔ። የሲኒማ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። የሆቴል አንሶላ እያጠፍኩ፣ ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን የፊልም ትምህርት እየሰማሁ፣ ስሳሳት ራሴን እየሰደብኩ ነው የተማርኩት። ታዲዮስ ግን ተምሯል። «አክሽን» ማለት ተምሯል።

ከዚያ ፖስተሩ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ላይ አየሁት። «ደራሲ፣ ዳይሬክተርና ፕሮዲዩሰር፦ ታዲዮስ ወልደሥላሴ»። ከታች፣ ዓይን በሚያጠፋ ፊደል፣ መኪና ከጠበቀልን ሰው ስም ሥር፦ «መስተንግዶ፦ ሲፈን»።

ደወልኩለት።

«ሲፉዬ፣ ፖስተሩን ያሠራችው እማዬ ናት እኮ» አለ። «ታውቂያት የለ?»

«አንተስ? እጅህ ታስሮ ነበር?»

«አንዴ ታትሟል፤ ምን ይደረግ? ደግሞ ስም ምን ያደርግልሻል? ሥራው ነው የሚናገረው።»

«እንግዲያው ያንተንም እናውጣዋ፤ ሥራው ይናገር።»

ዘጋብኝ።

አንድ ነገር ረስቷል። ፊልሙን ጄኔቫ ሲኒማ ቤት ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። እዚያ ያሉት ሰዎች የሚያውቁት የኔን ስም ነው፤ የመጨረሻውን ቅጂም የሚቀበሉት ከኔ እጅ ብቻ ነው። ታዲዮስ የፈለገውን ይቅረጽ፤ ሕዝብ የሚያየው እኔ የሰጠሁትን ነው።

የት ጋ እንደሚያመውም አውቃለሁ። ፊልሙ ስለ ሁለት የተኳረፉ እህትማማቾች ነው፤ አንዷ ዙሪክ፣ አንዷ ጄኔቫ። መሐል ላይ፣ የሞተች እናታቸው ለዙሪኳ እህት በሕልም ትመጣለች፤ ነጭ ለብሳ በሐይቁ ዳር ትሄዳለች። ትሄዳለች። አሁንም ትሄዳለች። ያቺ እናት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ስንቀርጽ ነፋሱ ነጠላቸውን ገፎ ዳክዬዎቹ ላይ ጣለው፤ ውሃ ውስጥ ገብቼ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ታዲዮስ ይህን ትዕይንት «የፊልሙ ነፍስ» ይለዋል፤ እናቱ ደግሞ «ኑ እዩኝ» ብለው ላንሲን በሙሉ ጠርተዋል።

በዚያው ቀን ያሲር ጋ ሄድኩ። ያሲር የፊልሙ ኤዲተር ነው፤ ላንግሽትራሰ ላይ ስልክ ይጠግናል፣ ከሱቁ ጓዳ ደግሞ ፊልም ይቆርጣል።

«የሐይቁን ትዕይንት አውጣልኝ» አልኩት፣ ቁጭ እንኳ ሳልል።

ቀና ብሎ አየኝ። «የእትዬ ጥሩወርቅን?»

«ሙሉውን። ጥፍራቸው እንዳይቀር።»

«ሲፈን፣ ስሚኝማ፣ እሱ ነገር…»

«አልሰማህም! ፕሮዲዩሰሩ ማነው?»

«አንቺ።»

«እሱንም ጻፍልኝ። ስሜን፣ ብቻውን፣ ጥቁር ላይ በነጭ። መነጽሩን ቤቱ የረሳ ሰው እንኳ እንዲያነበው።»

«እሺ በቃ» አለ። «አንቺ ሂጂ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

ወደ ቤት ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦርሳዋን አንስታ ቦታ ቀየረች።

እሑድ ከሰዓት የጄኔቫው ሲኒማ ቤት ሞላ። እትዬ ጥሩወርቅ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ የላንሲን ሴቶች ግራና ቀኝ ደርድረው ፊት ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላ ቆምኩ። ፊልሙን አላየሁም፤ የእሳቸውን አንገት ነው ያየሁት። እህትማማቾቹ ሲጣሉ፣ «ቆይ፣ አሁን ልመጣ ነው» አሉ ለጎረቤታቸው፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ። የዙሪኳ እህት ተኛች። እትዬ ጥሩወርቅ ቀጥ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። የዙሪኳ እህት ነቃች። ሕልም የለም።

«አልፎኝ ነው እንዴ?» አሉ።

ከዚያ አንገታቸው በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ወረደ። እንዴት እንደሚጣፍጥ!

ስሜ መጣ። ጥቁር ላይ በነጭ። ከዙሪክ ድረስ የመጡት ጋሽ ሐቢብ ብቻቸውን ተነሥተው አጨበጨቡ።

መብራቱ ሲበራ እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ታዲ፣ እኔስ? እኔ የት ሄድኩ?»

ታዲዮስ ጫማውን አየ።

«እኔ ነኝ ያወጣሁዎት» አልኩ ከኋላ፣ ጮክ ብዬ።

አዳራሹ በሙሉ ዞረ።

«አንቺ? አንቺ ደግሞ ምን ቤት ነሽ?»

«ፕሮዲዩሰሯ ነኛ፣ እትዬ። አሁን አነበቡት እኮ። ፊልሙ ውስጥ የሚገባውንም የሚወጣውንም የምወስነው እኔ ነኝ። ሻይ ካማረዎት ደግሞ ውጭ አለልዎት፤ አፍልቻለሁ።»

አንዷ የላንሲ ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

«አያችሁ! የልጄን ፊልም እንዳሻት የቆራረጠችው እሷ ናት! እሷ ናት የፈለገችውን ያደረገችው!» እያሉ እትዬ ጥሩወርቅ ጮኹ። በጮኹ ቁጥር ስንት ጊዜ የነፈጉኝን ማዕረግ በገዛ አፋቸው ሰጡኝ። ታዲዮስ ደግፎ ሲያስወጣቸው በር ላይ ዞሮ አየኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ፊቱ ግን ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀለል ብሎታል። ከድንጋጤው ነው ብዬ አለፍኩት።

ወደ ዙሪክ ስንመለስ ያሲር ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሎዛንን እስክናልፍ አፌ አልተዘጋም።

«አንገታቸውን አየኸው? ታዲዮስንስ አየኸው? ነፍሱን ነው የነቀልኩት!»

ያሲር በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል።

«ምን ሆነሃል? አዘንክላቸው እንዴ?»

«ሲፈን፣ ያን ቀን ልነግርሽ ነበር፤ አላናግር አልሽኝ።»

«ምኑን?»

«ታዲዮስ ትዕይንቱን ከጅምሩም አልወደደውም። እናቱን ፈርቶ ነው ‹ነፍስ› የሚለው። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት፣ ዓርብ ማታ ደወለልኝ፤ ‹አውጣው፤ እማዬ ከጠየቀች ሲፈን ናት እንላለን› አለኝ። አንቺ ሱቄ ስትገቢ ትዕይንቱ ቀድሞ ወጥቶ ነበር።»